ጭጋጉን ማን ወሰደው?

ዝምታዬን የሰበረው የሰሞኑ ፖለቲካ ሳይሆን የቪዲዮ ጨዋታ ነው ብል ከመካከላችሁ ፈገግ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ የዶክትሬት ማዕረግ የተሸከመ የታሪክ መምህር ስለ ልጆች ጨዋታ ምን አገባው ትሉ ይሆናል። ጥቂት ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ከራሴ ደጅ፣ ምናልባትም ከእናንተም ደጅ ይደርሳል።

ባለፈው ክረምት ካፋ፣ ቢታ ገነት፣ እኅቴ ዘንድ ሰንብቼ ነበር። የአገሩን ጠዋት የማያውቅ ሰው ካለ እንዲህ ነው፦ ሌሊቱን የዘነበው ዝናብ ሲያባራ ጭጋጉ ከእንሰቱ ጓሮ ተነሥቶ መንገዱን ይሞላዋል። የጎረቤት ቤት ጣሪያው ብቻ ይታያል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የምታውቁት በድምፅ ነው። በልጅነቴ ከዚያ ጭጋግ በስተጀርባ ዓለም በሙሉ የተቀመጠ ይመስለኝ ነበር። ረፋድ ላይ ጭጋጉ ሲገፈፍ ግን ከተማችን ከዳር እስከ ዳር በእግር የምታልቅ መሆኗ ይገለጥና አንዳች ቅሬታ ልቤን ይነካው ነበር።

ከእነዚህ ጠዋቶች በአንዱ ጅማ የሚማረው የእኅቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። «አጎቴ፣ እስቲ ይህን ይመልከቱልኝ» አለኝ። በአንዱ መስኮት «ግራንድ ቴፍት ኦቶ፦ ሳን አንድሪያስ» የተባለውን እ.ኤ.አ. የ2004ን ጨዋታ፣ በሌላው መስኮት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2021 ታድሶ የወጣውን ያንኑ ጨዋታ ከፍቶ፣ በሁለቱም ባለታሪኩን ከአንድ ተራራ ጫፍ ላይ አቁሞታል። «አገሩ የሚሰፋብዎ በየትኛው ነው?» ሲል ጠየቀኝ። ያለማመንታት አሮጌውን አመለከትኩ። ሳቀብኝ። «አገሩ እኮ ያው ነው፤ አንድ ሜትር አልተቀነሰም። የጠፋው ጭጋጉ ብቻ ነው» አለ።

እውነቱን ነበር። በአሮጌው ጨዋታ ተራራው ላይ የቆመ ሰው የሚያየው ገደሉንና ጭጋጉን ነው፤ ከተሞቹ ከዚያ ወዲያ በሩቅ ያሉ ይመስላሉ። በታደሰው ግን ሦስቱ ከተሞች እንደ ሠፈር ልጆች ጎን ለጎን ተደርድረው ይታያሉ። ሰፊ አገር መስሎን ለሰዓታት የተጓዝንበት ምድር ከአንድ ቀበሌ የማይሰፋ ሆኖ ቁጭ አለ።

ጭጋጉ ለምን እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ጨዋታው መጀመሪያ የተሠራለት ፕሌይስቴሽን 2 የነበረው ዋና የማስታወሻ አቅም 32 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ዛሬ ተራ የምንለው የእጅ ስልክ ከዚያ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። መሣሪያው ሩቁን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለመሣል አቅም ስላልነበረው ሠሪዎቹ ያልተሣለውን በጭጋግ ጋረዱት። ከድህነት የተወለደ ብልሃት ነበር። ይሁንና ብልሃቱ ውሎ አድሮ የጨዋታው ነፍስ ሆነ። አሮጌውን ሊያድሱ የተነሡት ሰዎች ጭጋጉን የመሣሪያው ድክመት ብቻ አድርገው አዩትና ገፈፉት።

ለማያውቁት ያህል፣ የቆየ ጨዋታን እንደገና ለገበያ ማቅረቢያ መንገዱ በጥቅሉ ሁለት ነው። ሪማስተር የሚሉት ቤቱን ሳያፈርሱ ቀለም እንደ መቀባት፣ መስኮቱን እንደ መለወጥ ያለ ነው፤ ሥዕሉ ይጠራል፣ ድምፁ ይጸዳል፣ ጨዋታው ግን የቀድሞው ነው። ሪሜክ የሚሉት ደግሞ የቀድሞውን ቤት አሠራር በልብ ይዞ ከመሠረቱ እንደገና መገንባት ነው። ሁለቱም ነውር የለባቸውም። ሰው የወደደውን ነገር ለልጁ ለማውረስ ሲል ያድሳል፤ ነጋዴም ከዚህ ፍቅር ያተርፋል። ጥያቄው በእድሳቱ ጊዜ ጉድለት የቱ፣ ገንዘብ የቱ እንደሆነ የሚለየው ማን ነው የሚለው ነው።

የሳን አንድሪያስ እድሳት የሚያስቅም የሚያሳዝንም ምሳሌ ትቶልናል። በጨዋታው ውስጥ አንድ የዶናት መሸጫ አለ፤ ከደጁ የተሰቀለው ትልቅ ዶናት ቅርጹ ክብ ሳይሆን ባለ ስድስት ማዕዘን ነበር፤ ጋራዥ ውስጥ የምናውቀውን ዳዶ ይመስላል። ቀልዱ ያለው በሱቁ ስም ላይ ነው፤ በእንግሊዝኛ ዳዶና ለውዝ የሚጠሩት በአንድ ቃል ነውና። በእድሳቱ ግን ማዕዘኖቹ ተሞርደው ዳዶው ክብ ዶናት ሆነ። ሥዕሎቹን በብዛት ያጠራው በራሱ የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ነበር፤ ለእንዲህ ያለው አሠራር ማዕዘን ማለት በደንብ ያልተሣለ ክብ ማለት ነው። ቀልዱን ያልሰማ አራሚ ቀልዱን እንደ ስሕተት አረመው።

ከዚህ የከፋው ግን ሌላ ነው። አዲሱ ከመውጣቱ አስቀድሞ ኩባንያው አሮጌዎቹን ጨዋታዎች ከዲጂታል መሸጫዎች አነሣቸው። ኅዳር 2014 ዓ.ም. አዲሱ ሲወጣ ተጫዋቹ ቅሬታውን አሰማ፤ ዝናቡ ዓይን የሚጋርድ ነጭ መስመር ሆኗል፣ የሰዎቹ መልክ ተበላሽቷል፣ አንዳንድ ዘፈኖችም የሉም ተባለ። ወደ አሮጌው እመለሳለሁ ያለ ገዢ አሮጌውን ከመደርደሪያው አጣው። ቀናት ሳይቆዩ ኩባንያው ይቅርታ ጠይቆ የቀድሞዎቹን በራሱ መሸጫ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች እንደሚመልስ አስታወቀ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2024፣ በወጣ ማሻሻያም የቀድሞው የብርሃን ድባብ እንደ አማራጭ ተመለሰ። ከዚያ በፊት እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው የ«ዋርክራፍት 3» እድሳትም በተመሳሳይ ነቀፋ ተመትቷል፤ አሮጌውን በገንዘባቸው የገዙ ሰዎች በኢንተርኔት ለመጫወት ሲከፍቱት አዲሱ ፕሮግራም ቦታውን ወርሶ አገኙት።

ከእድሳት ታሪኮች ሁሉ እኔን እንቅልፍ የነሣኝ ግን «ሳይለንት ሂል» የተባለው የጃፓን ጨዋታ ነው። እርሱም የጭጋግ ከተማ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለተኛውና ሦስተኛው ክፍል ታድሰው ሊወጡ ሲሉ፣ የመጨረሻው የፕሮግራም ጽሑፍ፣ ሶርስ ኮድ የሚሉት፣ አልተገኘም። ድርጅቱ አላስቀመጠውም ነበር። አዳሾቹ የተሰጣቸው ገና ያልተጠናቀቀ ረቂቅ ነበርና ቀድሞ የታረሙትን ስሕተቶች እንደገና ማረም፣ ያልነበሩትንም መጋፈጥ ግድ ሆነባቸው። በወጣው ሥራ ጭጋጉ ሳስቶ ከበስተጀርባው ያልተሣለው ባዶ ታየ። እ.ኤ.አ. በ2024 አንድ የፖላንድ ስቱዲዮ ሁለተኛውን ክፍል ከመሠረቱ እንደገና ሲሠራው፣ የዛሬ መሣሪያ ጭጋግ ባያስፈልገውም፣ ጭጋጉን እንደ ቅርስ ተጠንቅቆ መለሰው። እነዚያ ሰዎች የጭጋጉ ነገር ገብቷቸው ነበር።

ማረም ሁሉ ጥፋት ነው ማለቴ እንዳይመስላችሁ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ተማሪ ሳለሁ «ኤጅ ኦቭ ኢምፓየርስ 2»ን በጓደኛችን ኮምፒውተር ላይ ተራ እየጠበቅን እንጫወት ነበር። በዚያ ጨዋታ ባይዛንታይን አለ፣ ፋርስ አለ፣ ሞንጎል አለ፤ እኛ የለንም። በኋላ ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች በትርፍ ጊዜያቸው ያስፋፉት ጀመር፤ ሥራቸው አምሮ በባለቤቱ ኩባንያ ዕውቅና አገኘ። እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የአፍሪካ ክፍል ኢትዮጵያውያን ባለ ሾተል ጦረኞቻቸውን ይዘው፣ በአማርኛ እየተናገሩ ገቡ። ባሮጌው ላይ ተጨመረ እንጂ አሮጌው አልፈረሰም። የሦስተኛው ክፍል እድሳት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2020 የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች ሌሎች ባወጡላቸው ሳይሆን ራሳቸውን በሚጠሩበት ስም ጠራቸው። ይህ ፍትሕ ነው። በቀደሙት መጻሕፍት ውስጥ ራሳቸውን በማይጠሩበት ስም የተጠሩ ሕዝቦች ባሉበት አገር የምንኖር ሰዎች የዚህን ዋጋ ከማንም ይልቅ እናውቃለን።

በዚያው ጨዋታ ላይ እ.ኤ.አ. በ2021 ኢትዮጵያ ስትጨመር «ነፍጠኛ» የሚባል ወታደርም አብሮ ገባ። በአገራችን አንድ ስብሰባ ሊበትን የሚችል ቃል እዚያ የአንድ እግረኛ ስም ነው። የእኅቴ ልጅ ሲያሳየኝ ሳቅሁ፤ ወዲያው ግን ሳቄ ቆመ። ያ ቃል በዚህ በካፋ ምድር ምን ምን እንደተሸከመ አውቃለሁና። ቃሉን ከጨዋታው ቢፍቁት የተሸከመው አይጠፋም፤ እንዲሁ ሲተዉትም አያስረዳም። ከጎኑ ማብራሪያ ይፈልጋል።

እንግዲህ ወደ ደጃችን ልምጣ። እኛ የእድሳት ሕዝብ ነን። መንግሥት በተለወጠ ቁጥር መዝሙሩ ይለወጣል፣ በባንዲራው ላይ ያለው ዓርማ ይለወጣል፣ የትምህርት ቤቱ ስም ይለወጣል። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ካፋ ክፍለ ሀገር ነበር፣ ዞን ሆነ፤ ያ የሳን አንድሪያስ እድሳት በወጣበት በኅዳር 2014 ዓ.ም. ደግሞ ከደቡብ ክልል ወጥቶ የአዲሱ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል አካል ሆነ። ሕዝብ በድምፁ የወሰነውን አልነቅፍም፤ መለወጥም መብት ነው። የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ አዲሱን ስንጭን አሮጌውን ከመደርደሪያው የሚያነሣው እጅ የማን ነው?

ይህን ጥያቄ ለሌሎች ከማቅረቤ በፊት ራሴ መመለስ አለብኝ። እጁ የኔ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ገና በማስተርስ ዲግሪ የማስተምር ወጣት ሳለሁ ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚሰጠውን ትምህርት ሞጁል እንዳሻሽል ታዘዝኩ። ትምህርት ክፍሉንም ዩኒቨርሲቲውንም አልጠራም፤ ጥፋቱ የራሴ ነውና። አሮጌውን ሞጁል የጻፉት ዛሬ በሕይወት የሌሉ አንድ አንጋፋ ባልደረባችን ነበሩ። ጋሼ እንላቸው ነበር። በእግርና በበቅሎ ዴቻን፣ ጨናን፣ ጌሻን፣ ቢታን ዞረው ከአረጋውያን አፍ የሰበሰቡትን በታይፕራይተር አስጽፈው፣ ከዳር በእጃቸው ማስታወሻ እየጨመሩ ያስተማሩበት ሥራ ነው።

ትዝ የሚለኝ አንድ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1897 የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር የካፋን መንግሥት ድል ካደረገ በኋላ ንጉሡ ጋኪ ሸሮቾ ስለተያዙበት ሁኔታ ጋሼ ሦስት አረጋውያን የነገሯቸውን ሦስት የተለያዩ ትረካዎች ጎን ለጎን አስቀምጠው ነበር። የትኛው ትክክል እንደሆነ አልፈረዱም። «እንዲህ ይባላል»፣ «የዚያኛው ወገን ሰዎች ግን እንዲህ ይላሉ»፣ «ይህን የነገሩኝ አዛውንት እያለቀሱ ነበር» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች ገጹን ሞልተውታል።

እኔ ምን አደረግሁ? ጭጋጉን ገፈፍኩት። ሦስቱን ትረካዎች ከታተሙት መጻሕፍት ጋር የሚስማማ አንድ አንቀጽ አደረግኋቸው። «ይባላል» የሚለውን ሁሉ ሰረዝኩ። የአዛውንቱ ልቅሶ ለአካዳሚ ጽሑፍ አይመጥንም ብዬ አወጣሁት። የዳዶውን ማዕዘን ሁሉ ሞርጄ አከበብኩት። ከዚያም አዲሱ ሞጁል በአማረ ሽፋን ሲታተም፣ ተማሪዎች እንዳይደናገሩ በሚል ሰበብ አሮጌዎቹ ቅጂዎች ከመደርደሪያ ወርደው እንዲወገዱ የሚጠይቀውን ደብዳቤ ራሴ ጻፍኩ፤ ራሴም ፈረምኩበት። ማንም አላስገደደኝም፤ ፖለቲካም አልነበረበትም። ሥራ ያሻሻልኩ መስሎኝ ነበር። ምስጋናም ተጻፈልኝ።

ጋሼ አዲሱን ሞጁል ሳሳያቸው ገልበጥ ገልበጥ አድርገው፣ «በጣም ንጹሕ ነው» አሉኝ። ያን ጊዜ ምርቃት መስሎኝ ነበር።

ከዓመታት በኋላ አንድ ተማሪዬ ለመመረቂያ ጽሑፉ የእነዚያን አረጋውያን ቃል ፈልጎ ወደ ቢሮዬ መጣ። ከአያቶቹ አንዱ ከሦስቱ ተራኪዎች መካከል እንደነበሩ ከቤተሰቡ ሰምቷል። ጋሼ ዐርፈዋል። አረጋውያኑ ዐርፈዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የቀረ ቅጂ የለም። ያ ልጅ ወንበሬ ፊት ቆሞ፣ «ታዲያ የድሮው የት ይገኛል ዶክተር?» ሲለኝ ማዕረጌ አፈረብኝ።

ከዚያ ወዲህ ፈልጌ ያገኘሁት ሠላሳ አንድ ገጽ ብቻ ነው፤ ያውም የመጨረሻው ሳይሆን ጋሼ በጅምር ሳለ ያዋሱኝ ረቂቅ፣ እኔ በእርሳስ የሰረዝኩበት። ከሦስቱ ትረካዎች የመጀመሪያው ሙሉ ነው፤ ሁለተኛው መሐል ላይ ይቋረጣል፤ ሦስተኛው የለም። የ«ሳይለንት ሂል» አዳሾች ያልተጠናቀቀውን ኮድ በእጃቸው ይዘው የተሰማቸውን የምረዳ ይመስለኛል።

ቢታ ገነት በሰነበትኩባቸው ቀናት አንድ አዛውንት ዘንድ ሄጄ ስለ ነገሩ ጠየቅኋቸው። ቡና አፍልተው በደስታ አወጉኝ። ያወጉኝ ግን አራተኛ ትረካ ነው፤ ከጋሼ ሦስቱ አንዱም አይደለም። ጻፍኩት፤ ከእርሳቸው የሰማሁት መሆኑን፣ ቀኑንና ቦታውንም መዘገብኩ። የጠፋውን አይተካም። በጠፋው ስም እንዳልጠራው ግን ቢያንስ ተምሬያለሁ።

የካፋን ነገሥታት ዘውድ አስቡ። ከድሉ በኋላ ዘውዱ በዐፄ ምኒልክ አማካሪ በአልፍሬድ ኢልግ በኩል ወደ ስዊዘርላንድ ተሻግሮ እ.ኤ.አ. በ1954 ነው ለአገሩ የበቃው። መወሰዱ በደል ነበር። ነገር ግን የተወሰደ ነገር ይመለሳል። ያን ጊዜ አቅልጠው ሌላ፣ የበለጠ የሚያብረቀርቅ ዘውድ ሠርተውበት ቢሆን ኖሮ የሚመለስ ነገር አይኖርም ነበር። እኔ ከወሳጆቹ ሳይሆን ከአቅላጮቹ ወገን ነኝ።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው። አድሱ፤ አርሙ፤ እንደገናም ገንቡ። የተሰደበውን ሕዝብ በስሙ ጥሩ፤ የተረሳውን ጨምሩ። ነገር ግን አሮጌውን ከአዲሱ አጠገብ ተዉት፤ ጉድለት የመሰላችሁን ከመሞረዳችሁ በፊትም ምናልባት ያልገባኝ ቀልድ፣ ያልሰማሁት ልቅሶ ይሆን ብላችሁ ጠይቁ። የእኅቴ ልጅ ይህን ሳይነግሩት ያውቀዋል። የትኛውን ነው የምትጫወተው ብዬ ስጠይቀው፣ «ሁለቱንም አስቀምጫለሁ፤ አዲሱ ለዓይን፣ የድሮው ለጉዞ» ነበር ያለኝ።

በመጨረሻም አንድ ልመና አለኝ። ከእናንተ መካከል ከ2001 ዓ.ም. በፊት ስለ ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ታሪክ የተማራችሁ ትኖራላችሁ። በሣጥናችሁ ሥር፣ በቆጥ ላይ፣ ከአሮጌ ደብተሮቻችሁ መካከል በታይፕራይተር የተጻፈ፣ ከዳሩ የእጅ ጽሑፍ ያለበት፣ «ይባላል» የሚል የበዛበት ሞጁል ካገኛችሁ፣ እባካችሁ አትጣሉት። አይጥ ቢበላውም፣ ሻይ ቢፈስበትም፣ ገጹ ቢጎድልም ጻፉልኝ፤ ያላችሁበት ድረስ መጥቼ እገለብጠዋለሁ። ዋናው ከእናንተ ጋር ይቆይ፤ እኔ ዋናውን ለማስቀመጥ የምታመን ሰው አይደለሁም።

ቸር እንሰንብት።